በህዝበ ውሳኔ ከህብረት መውጣት ዴሞክራሲ ነው ወይ? ለጠየቅከው ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት፣ ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። እዚህ ሀዋሳ አቶቴ ሰፈር ከጓደኞችህ ጋር ቡና እየጠጣችሁ ክርክር ገጥማችኋል። አንተ "እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት የወጣችው በ52 ፐርሰንት ነው፣ 48 ፐርሰንቱ ሳይፈልግ ተጫነበት፣ ይሄ ዴሞክራሲ አይባልም" ብለሃል። አንዱ ጓደኛህ "ህዝብ ተጠየቀ፣ ህዝብ መለሰ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ" አለህ። ሌላኛው ደግሞ ኤርትራንና ሲዳማን አንስቶ "እንደዛ 99 ፐርሰንት ሲሆን ነው እንጂ" አለ፣ ከዛ የህገ መንግስታችን አንቀጽ 39፣ ብሄሮች እስከ መገንጠል መብት አላቸው የሚለው፣ መጣና ነገሩ ጦፈ። እኔ እዚሁ ሀዋሳ የህግ ተማሪዎችን ህገ መንግስት አስተምራለሁ፣ ይሄ ርእስ ክላስ ውስጥ ሲነሳ ሰአቱ አልቆ እንኳን ተማሪ አይወጣም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አቋሜን መጀመሪያ ልንገርህ። በህዝበ ውሳኔ መውጣት ዴሞክራሲያዊ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ይሄን የሚወስነው ከኮሮጆው የወጣው ፐርሰንት አይደለም። ከድምፁ በፊት ምን ምን ተስማምተው ጨረሱ፣ ማን እንዲመርጥ ተፈቀደ፣ የተሸነፈው ወገን በነፃነት መቀስቀስ ችሎ ነበር ወይ፣ ያሸነፈውስ ቁጭ ብሎ መደራደር አለበት ወይስ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ነው ነገሩ። ሶስታችሁም በፐርሰንት ስትነታረኩ ዋናው አምልጧችኋል ብዬ ነው የማስበው።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝን ጉዳይና ክልል ከሀገር መውጣትን አንድ ላይ አትደባልቁት። የአውሮፓ ህብረት ሉዓላዊ ሀገራት የተዋዋሉት ውል ነው፣ ውሉ ላይ ራሱ አንቀጽ 50 የሚባል መውጫ አለ፣ መውጣት የፈለገ ያሳውቃል፣ 2 አመት ይደራደራል፣ ሁሉም ከተስማሙ ይራዘማል። እንግሊዝ ስትወጣ እንግሊዛዊ ዜግነቱን አላጣም፣ ጦሩም ፓውንዱም እዛው ነው፣ እርግጥ ስፔን ወይ ፈረንሳይ ሄዶ እንደልቡ የመኖርና የመስራት መብቱን አጥቷል፣ እሱን ቀላል ነው አልልህም። ደግሞ የመጀመሪያዋም አይደለችም፣ ግሪንላንድ በፈረንጅ 1982 ህዝቧን ጠይቃ 53 ፐርሰንት ውጡ አለ፣ በ1985 ወጣች፣ ከዴንማርክ ግን አልተለየችም። ክልል ከሀገር ሲወጣ ግን ዜግነት አለ፣ ድንበር አለ፣ ጦር አለ፣ ገንዘብ አለ፣ የጋራ እዳ አለ፣ የትኛው ከተማ የማን ነው የሚል አለ። ለዚህ ነው ያኛው ላይ የሚበቃ አሰራር ይሄኛው ላይ የማይበቃው።

እሺ አሁን ብሬግዚት፣ ማለትም የእንግሊዝ ከህብረቱ መውጣት። ጁን 23፣ 2016 ነው ድምፁ የተሰጠው፣ 51.9 ለ48.1፣ ለመምረጥ ከተመዘገበው ሰው 72 ፐርሰንት የሚሆነው ወጥቶ መርጧል። 17.4 ሚሊዮን ሰው እንውጣ አለ። ግን ወዴት? ወረቀቱ ላይ የነበረው መቆየት ወይም መውጣት ነው። መውጣት ሲባል እንደ ኖርዌይ ከህብረቱ ወጥቶ ገበያው ውስጥ መቆየት ነው ወይስ ሁሉንም ቆርጦ መሄድ ነው የሚለው አልተጠየቀም፣ አንዱ ይሄን አስቦ ሌላው ያን አስቦ እዛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ። ውጤቱን ያየነው በኋላ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ተደራድራ ያመጣችውን ስምምነት ፓርላማው በጃንዋሪ 2019 432 ለ202 ጣለው፣ ከዛም ሁለት ጊዜ ደገመው፣ የጣሉት ደግሞ እንቆይ የሚሉትም "ይሄ ምኑ መውጣት ነው" የሚሉትም አብረው ናቸው። የወጡት ጃንዋሪ 31፣ 2020 ነው፣ ሶስት አመት ከምናምን ፈጀ።

ታዲያ ዴሞክራሲ አይደለም ልበልህ? አልልም። ምክንያቱም ያ ድምፅ በህጉ ምክር ብቻ ነበር፣ አስገዳጅ አልነበረም፣ መንግስት ብቻውን የመውጫውን ደብዳቤ ልላክ ሲል በጃንዋሪ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ያለ ፓርላማ አይቻልም አለው፣ ፓርላማው ህግ አወጣ፣ በዲሴምበር 2019 ደግሞ "ጉዳዩን እንጨርሰው" ብሎ የተወዳደረው ፓርቲ በ80 መቀመጫ ብልጫ አሸነፈ። ህዝብ፣ ፍርድ ቤት፣ ፓርላማ፣ ምርጫ፣ ሁሉም በየተራው ቃሉን ሰጥቷል። ያንተ 48 ፐርሰንትም በነዚህ ሁሉ ቦታዎች የመከራከር እድል ነበረው። ጉድለቱ የነበረው ጥያቄው ላይ ነው፣ ባዶ ጥያቄ ጠይቀው የሞላ መልስ ጠበቁ። እኔን ሌላም ቅር የሚለኝ አለ፣ ስኮትላንድ 62 ፐርሰንቷ፣ ሰሜን አየርላንድም ወደ 56 ፐርሰንቷ እንቆይ ብለው ነበር፣ አራት አካል ባላት ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ሁለቱ እምቢ ብለው ድምሩ ብቻ ወሰነ። አውስትራሊያ ውስጥ ህገ መንግስቱን ለማሻሻል የሀገሪቱን አብላጫ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃህም፣ ከ6ቱ ክልሎች በ4ቱ ማሸነፍ አለብህ። እንግሊዞቹ እንደዚህ አይነት ነገር ቢኖራቸው ቁስሉ ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከፍ ያለ ፐርሰንት ይቀመጥ የሚለው ሃሳብ ጥሩ ይመስላል፣ ግን አስበህበታል ወይ? 60 ፐርሰንት አስቀምጠህ 58 ፐርሰንት እንውጣ ቢል፣ 42ቱ በ58ቱ ላይ ወሰነ ማለት ነው፣ ያንተው ቅሬታ ተገልብጦ መጣ። ሞንቴኔግሮን ተመልከት። በ2006 ከሰርቢያ ጋር ከነበራት ህብረት ለመውጣት ስትዘጋጅ የአውሮፓ ህብረት መሀል ገብቶ 55 ፐርሰንት ካላገኛችሁ እውቅና የለም አለ፣ ሁለቱም ወገን እየከበደውም ቢሆን ይሄን ተቀብሎ ገባበት፣ ውጤቱ 55.5 መጣ። በግማሽ ፐርሰንት! 54.8 ቢመጣ ምን ይፈጠር እንደነበር አስበው። ግን ስላልመጣና ደንቡን ሁሉም ቀድሞ ስለተቀበለው፣ ሰርቢያ ራሷ በሳምንታት ውስጥ እውቅና ሰጠች፣ ጥይት አልተተኮሰም። ለኔ እዛ ጋ የሰራው 55 የሚለው ቁጥር አይደለም፣ ከቆጠራ በፊት መስማማታቸው ነው።

የኛ አንቀጽ 39 በዚህ በኩል ሰዎች እንደሚያወሩት ልቅ አይደለም። መጀመሪያ የብሄሩ ምክር ቤት በሁለት ሶስተኛ ድምፅ መጠየቅ አለበት፣ ከዛ ፌደራል መንግስቱ በሶስት አመት ጊዜ ውስጥ ህዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ ህዝበ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፣ ከዛ ስልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት በህግ መሰረት ይከፋፈላል። ሁለት በር ነው ያለው፣ የተመራጮች ከባድ ድምፅና የህዝብ ቀላል ድምፅ። ሶስት አመቱም እንዲሁ የተቀመጠ አይመስለኝም፣ ስሜት እንዲበርድና ሰው እንዲነጋገር ጊዜ ይሰጣል። እኔ የሚያሳስበኝ አንቀጹ ዝም ያለበት ነው፣ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? የብሄሩ ተወላጅ ብቻ ነው ወይስ እዛ የሚኖር ሁሉ? ከብሄሩ ሆኖ ሌላ ከተማ የሚኖረውስ? ከወጡ በኋላ እዛ ውስጥ የሚቀረው የሌላ ብሄር ሰው ዜግነቱ ምንድን ነው? አንቀጽ 39ን ቁጭ ብለህ አንብበው፣ እነዚህ መልስ የላቸውም።

ይሄ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ እንዳይመስልህ፣ እኛው ያየነው ነው። የኤርትራ ህዝበ ውሳኔ በኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 15 እስከ 17፣ 1985 ነው የተካሄደው፣ የተባበሩት መንግስታት ታዝቦታል፣ 99.8 ፐርሰንት ነፃነት አለ። ከ30 አመት ጦርነት በኋላ ስለሆነ ህዝቡ ይሄን መፈለጉን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያንም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተመዝግበው መርጠዋል። ሁለቱ መንግስታት ያኔ ወዳጅ ናቸው፣ እና ብዙው ነገር በወዳጅነት ታለፈ፣ ድንበሩ መሬት ላይ አልተሰመረም፣ በአሰብ ወደብ አጠቃቀምና በገንዘብ ጉዳይ ዘላቂ ነገር አልተቋጨም፣ የዛ ሁሉ ሰው ዜግነትም በግልፅ አልተቆረጠም። አምስት አመት ያህል ቆይቶ ግንቦት 1990 ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። ከዛ ያቺ የምርጫ ካርድ ማስረጃ ሆነች፣ የኢትዮጵያ መንግስት "በህዝበ ውሳኔው የመረጠ የኤርትራን ዜግነት ወስዷል" እያለ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከየከተማው አባረረ፣ ኤርትራም በበኩሏ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስወጣች። ባል እዚህ ሚስት እዛ፣ ልጅ ከእናት ተነጥሎ፣ ቤት ንብረት ተዘግቶ። ሰውየው ድምፅ ሲሰጥ ይሄ ድምፅ ነገ ቤቴን ያሳጣኛል ብሎ አላሰበም፣ የነገረውም የለም። ስለዚህ ያ ጓደኛህ "99 ሲሆን ነው" ሲል እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፣ 99.8ቱ ለነዚህ ቤተሰቦች ምን አደረገላቸው? የመገንጠሉ ፍላጎት ዴሞክራሲያዊ ነበር፣ አፈፃፀሙ ግን ሰዎቹን ረስቷቸዋል፣ እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ያመኛል።

ደቡብ ሱዳንም ያው ነው። በጃንዋሪ 2011 98.8 ፐርሰንት፣ በጁላይ ነፃ ሀገር። አብዬ የምትባለው አካባቢ ግን በዛው ቀን የራሷን ድምፅ ልትሰጥ ነበር፣ ከብቶቹን ይዞ በየአመቱ የሚመጣው ሚሴሪያ የሚባለው አርብቶ አደር ጎሳ ይምረጥ አይምረጥ በሚለው ሰሜንና ደቡብ ስላልተስማሙ ሳይካሄድ ቀረ፣ እስካሁንም አልተቋጨም። ነዳጁ ደቡብ፣ ቧንቧው ሰሜን፣ የማሳለፊያ ክፍያው ስንት ይሁን የሚለው ሳያልቅ ስለተለያዩ በጃንዋሪ 2012 ደቡብ ሱዳን የነዳጅ ምርቷን ራሷ አቆመች፣ ከገቢዋ አብዛኛው ከሱ እየመጣ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የሲዳማው ከሀገር መውጣት አይደለም፣ ከደቡብ ክልል ወጥቶ የራስን ክልል ማቋቋም ነው፣ የሚገዛውም አንቀጽ 47 ነው፣ እሱን ለጓደኛህ ንገረው። ግን ትምህርቱ ቅርብ ነው። ህገ መንግስቱ ጥያቄ በቀረበ በአንድ አመት ውስጥ ህዝበ ውሳኔ ይካሄድ ይላል፣ አመቱ አለፈ፣ ሀምሌ 2011 ላይ በራሳችን እናውጅ የሚል እንቅስቃሴ ተነሳና ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ። እኔ ይሄን ሳስተምር ሁለቱንም ነው የምለው፣ ህግ የሰጠውን ቀን ማሳለፍ ራሱ ህግ መጣስ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብቻን ማወጅ መንገድ አይሆንም። ህዳር 10፣ 2012 ድምፁ ተሰጠ፣ ምልክቶቹ ሻፌታና ጎጆ ነበሩ፣ ሻፌታ ክልል ለመሆን፣ ጎጆ በደቡብ ክልል ለመቆየት፣ ሻፌታ 98.5 ፐርሰንት አገኘ። ከዛ በፊት ምርጫ ቦርድ የሀዋሳ ጉዳይ፣ የንብረት ክፍፍልና የሌሎች ብሄር ነዋሪዎች መብት ቀድሞ በሰነድ ይቀመጥ ብሎ ክልሉን ጠይቆ ነበር። ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በሀገራችን እንደዚህ አይነት ነገር ከድምፅ በፊት መነሳቱን እኔ ትልቅ ነገር ነው የማየው። የከተማው ነዋሪም ብሄሩ ሳይለይ ተመዝግቧል። ቅር የሚለኝ ለጎጆ በአደባባይ ሲቀሰቅስ ያየሁት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱ ይቀየር ነበር እያልኩ አይደለም፣ አብዛኛው ሲዳማ ክልል መሆን እንደሚፈልግ እዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ግን 1.5 ፐርሰንቱ ሳይፈራ ተናግሮ ቢሸነፍ 98.5ቱ ይበልጥ ይከበር ነበር።

እና ስለቀሩት ማን ያስባል? የሚወጣው ይጠየቃል፣ የሚቀረው አይጠየቅም። ሲዳማ ከወጣ በኋላ ደቡብ ምዕራብ በመስከረም 2014 መረጠ፣ ጥር 2015 ላይ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ለሚባለው ተመረጠ፣ የወላይታው በስህተትና በማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በሰኔ እንደገና ተካሄደ፣ በመጨረሻ የቀሩት ያለ ህዝበ ውሳኔ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባሉ። ሀዋሳ ቤት ሰርቶ፣ ልጆቹን እዚሁ ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ በደቡብ ክልል ቢሮ ሲሰራ የነበረው ሰራተኛ ወደ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶ፣ ዲላ፣ አርባ ምንጭ ተበተነ። ይሄን ስል ሲዳማ ክልል መሆን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፣ መብቱ ነው። የምለው መውጣት የሌላውንም ህይወት ይቀይራል፣ ስለዚህ ያኛውም ጠረጴዛው ላይ ወንበር ይገባዋል።

ይሄን ጉዳይ በደንብ የቋጩት ካናዳዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ኩቤክ የምትባለው ክፍለ ሀገራቸው ልውጣ ብላ በ1995 ሁለተኛ ጊዜ ስትመርጥ 50.6 ለ49.4 ነው የቀረችው፣ ልዩነቱ 54 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው፣ ከመራጩ ከ93 ፐርሰንት በላይ ወጥቶ። ጥያቄው ደግሞ ረጅምና የተጠላለፈ ነበር፣ ነፃነትንም ከካናዳ ጋር የሚኖር የኢኮኖሚ ሽርክናንም አንድ ላይ ይዞ። ደንግጠው ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውን ጠየቁ፣ በ1998 መልስ ሰጠ። ኩቤክ ብቻዋን ተነስታ መውጣት አትችልም አለ፣ ህገ መንግስቱም አለም አቀፍ ህጉም አይፈቅድላትም። ግን እዛ ላይ አላቆመም፣ ግልፅ በሆነ ጥያቄ ላይ ግልፅ አብላጫ ህዝብ እንውጣ ካለ የተቀረው ካናዳ እንዳልሰማ መሆን አይችልም፣ ቁጭ ብሎ የመደራደር ግዴታ አለበት አለ። ድርድሩም የአናሳዎችን መብት ጨምሮ ነው። ድምፁ ያሸነፈው የመደራደር መብትን ነው ማለት ነው። እቁብ ላይ እንዳለው ነው፣ ማንም በግድ አይያዝም፣ ግን እጣው ደርሶት ብሩን ከበላ በኋላ "በቃኝ" ብሎ የሚሄድ የለም፣ ዳኛውና ፀሀፊው ባሉበት ሂሳብ ተዘግቶ ነው።

ድርድር ግዴታ ካልሆነ የህዝብ ድምፅ ብቻውን የትም አያደርስም። ምዕራብ አውስትራሊያ በ1933 66 ፐርሰንት ከአውስትራሊያ እንውጣ አለች፣ የሚገርመው በዛው ቀን በተደረገው ምርጫ መውጣቱን ሲደግፍ የነበረውን መንግስት ጣሉት፣ ሎንደን አቤት ብትልም በ1935 የእንግሊዝ ፓርላማ የፌደራሉ መንግስት ሳይጠይቅ አላየውም ብሎ መለሳት፣ በዛው ቀረ። የስፔኗ ካታሎኒያም በ2017 ከመራጩ 43 ፐርሰንቱ ብቻ ወጥቶ 90 ፐርሰንቱ እንውጣ አለ፣ ፍርድ ቤት አግዶት ስለነበር እንቆይ የሚሉት አብዛኞቹ ቤታቸው ቀሩ፣ ፖሊስ ኮሮጆ ሲቀማ አለም አየ። እዛ ሁለቱም ወገን ተሳስቷል ባይ ነኝ፣ አንዱ ያላለቀ ድምፅ ይዞ ሀገር ሊያውጅ፣ ሌላው በዱላ ሊመልስ።

ስለ መድገም ጠይቀህ ነበር፣ "አንዴ ከተሸነፉ መቼ ነው እንደገና መጠየቅ የሚችሉት" ብለህ። አንቀጽ 39 ስለዚህ ምንም አይልም። ኩቤክ በ1980ና በ1995 መካከል 15 አመት ቆይታለች፣ ስኮትላንድ በ2014 55 ለ45 ቀርታ ብሬግዚት ሲመጣ "ነገሩ ተቀይሯል" ብላ እንደገና ጠየቀች፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 ያለ ዌስትሚንስተር፣ ማለትም ያለ ሎንደኑ ፓርላማ፣ ፈቃድ አይቻልም አላት። ፈረንሳይ ስር ያለችው ኒው ካሌዶኒያ ደግሞ በ1998ቱ ስምምነት እስከ ሶስት ጊዜ እንድትጠየቅ ቀድሞ ተፅፎላት ነበር። በ2018 57 ፐርሰንት ገደማ፣ በ2020 53 ፐርሰንት ነፃነት አንፈልግም አሉ፣ ልዩነቱ እየጠበበ ነው። ሶስተኛው ላይ ኮቪድ ገባ፣ ካናክ የሚባለው የቦታው ነባር ህዝብ ሀዘን ላይ ስለሆንን ይራዘምልን አለ፣ ፓሪስ እምቢ አለች፣ እነሱም ሳይወጡ ቀሩ፣ በዲሴምበር 2021 96.5 ፐርሰንት "አንፈልግም" ተብሎ ተቆጠረ፣ የወጣው መራጭ 44 ፐርሰንት ነው። ሶስቱም ተጠናቀቁ ተባለ፣ በሜይ 2024 በክልል ምርጫ ማን ይምረጥ በሚለው ላይ ከባድ ግጭት ፈነዳ፣ ሰው ሞተ። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የመድገሚያው ጊዜ፣ የመራጩ ማንነትና የማራዘሚያው ምክንያት ማንም ጥያቄ ሳያነሳ በፊት በህግ ቢፃፍ ነው፣ ጊዜውን በተመለከተ ቢያንስ 15 አመት እላለሁ፣ ካልሆነ ግን የተሸነፈው በየምርጫው ይመለሳል፣ ያሸነፈው ደግሞ ቀኑን እንደፈለገ ይመርጣል።